ደወሉን የሚሰማው ማን ነው?

ስለ ሽቦ አልባ ዳሳሽ መሣሪያዎችና ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የስብሰባው አዘጋጅ ኮሚቴ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ውስጥ ስለሚተከሉት ሽቦ አልባ መሣሪያዎች ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ፣ ርእሱ ለመሐንዲሶች እንጂ ለነርሶች ጉባኤ የሚስማማ አይደለም የሚል አስተያየት ከአንዳንድ ባልደረቦች ተሰንዝሮ እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። መሣሪያውን የሚሠራው መሐንዲሱ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በመሣሪያው ጥሪ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የምትሮጠው ግን ነርሷ ወይም ረዳት ነርሷ ናት። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚገኙት መጦሪያ ቤቶች በሌሊት ተራ የተገኘ ሰው በየመተላለፊያው አማርኛ ሲነገር ቢሰማ አይደንቀውም። ጉዳዩ የእኛ ነው የምለውም ስለዚህ ነው።

ለንግግሬ ግልጽነት ሁለት ነገሮችን አስቀድሜ ላስታውስ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። እንዲሁም ዳሳሽ መሣሪያ የምለው በተለምዶ ሴንሰር የሚባለውን፣ ማለትም የልብ ትርታን፣ እስትንፋስን፣ ሙቀትን፣ እንቅስቃሴን ወይም የበርን መከፈት ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ሌላ ቦታ የሚያስተላልፈውን ትንሽ መሣሪያ ነው።

የሰውን ልብ ከሩቅ ማዳመጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1949 በሞንታና ግዛት ይኖር የነበረው ኖርማን ሆልተር የልብን ኤሌክትሪክ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርቶ በራሱ ጀርባ ላይ አዝሎ ሞክሮታል። የመሣሪያው ክብደት 38 ኪሎ ያህል ነበር። በ1961 አሜሪካዊው አላን ሼፐርድ ወደ ጠፈር ሲተኰስ የልቡ ምት፣ አተነፋፈሱና የሰውነቱ ሙቀት በሬዲዮ ወደ ምድር ይተላለፍ ነበር፤ ሐኪሞቹም ምድር ላይ ተቀምጠው ይከታተሉት ነበር። ዛሬ ያ የ38 ኪሎ ሸክም ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም በማይበልጥ ነገር ውስጥ ገብቷል። ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ በ2003 የወጣው አነስተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ሽቦ አልባ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ዓለም አቀፍ ደንብ ሲሆን፣ ሌላው በ2010 የመጣው ጥቂት ኃይል የሚፈልገው የብሉቱዝ ዓይነት ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ ለቅጽበት ይነቃል፣ ይለካል፣ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። በአንዲት የሳንቲም ቅርጽ ባላት ባትሪ ለወራት የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሬዲዮ ሞገድ ላይ የተመሠረተ ሥራ ሁሉ ግን ጎረቤት አለው። በ1998 በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አዲሱን የዲጂታል ስርጭት ሲሞክር፣ በከተማው በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብ ሕሙማንን የሚከታተሉት ሽቦ አልባ መሣሪያዎች በድንገት ተስተጓጐሉ። ጣቢያው ሕግ አልጣሰም፤ የተፈቀደለትን ሞገድ ነበር የተጠቀመው። ሆስፒታሉም ሕግ አልጣሰም፤ ይሠራበት የነበረው ሞገድ ባዶ ስለነበረ ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቶበታል። ከዚህ ትምህርት በመነሣት የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ2000 ለሕክምና የሚያገለግሉ የሞገድ መደቦችን ለየ፤ ከእነዚህም አንዱ ከ608 እስከ 614 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። ዛሬ በመጦሪያ ቤቶች የሚሸጡት ርካሽ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ግን በዚህ በተከለለው መደብ ውስጥ አይሠሩም። የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ ያም የነዋሪው ልጅ ስልክ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኢንተርኔትና በየወጥ ቤቱ ያለው የማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ የሚጋፉበት አደባባይ ነው። ምሳ በሚሞቅበት ሰዓት መልእክት የሚዘገይበት ቤት ቢኖር ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሻጮች ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም። የሰው አካል ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ደረት ላይ የተለጠፈ ዳሳሽ ያለበት ሰው በሆዱ ሲተኛ መሣሪያው በፍራሹና በአካሉ መካከል ይቀበራል፤ መልእክቱም ይደክማል ወይም ይጠፋል። መሣሪያው ዝም ባለበት ጊዜ ሰውየው ደኅና ይሁን ወይም ይታፈን፣ ዝምታው ያው አንድ ዝምታ ነው። ጥሩ ሥርዓት ከመሣሪያው መልእክት በተቋረጠ ጊዜ መቋረጡን ራሱን ይናገራል። መጥፎው ሥርዓት የመጨረሻውን ደኅና ቍጥር በሰሌዳው ላይ እንዳለ ይተወዋል። መሣሪያ ሊገዛ በተሰበሰበ ኮሚቴ ፊት የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ባትሪውን አውጥታችሁ ሰሌዳው ምን እንደሚል በዐይናችሁ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ወደ መውደቅ እመጣለሁ። በአሜሪካ 15,000 ያህል መጦሪያ ቤቶች አሉ፤ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችም ይኖሩባቸዋል። 100 አልጋ ባለው አንድ ቤት በዓመት ከ100 እስከ 200 የመውደቅ አደጋ ይመዘገባል ሲባል ቆይቷል፤ የማይመዘገበው ሲጨመር ቍጥሩ ከዚህም ያልፋል። የዳሌ አጥንት ስብራት በአረጋዊ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልናገርም። ስለዚህ መውደቅን የሚያስታውቅ መሣሪያ ተገኘ ሲባል ባለቤቶች ቢቸኵሉ አይፈረድባቸውም።

መሣሪያው መውደቅን የሚያውቀው እንዴት ነው? በወገብ ወይም በእጅ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ሁለት ነገሮችን ይጠብቃል። በመጀመሪያ አካል ክብደቱን ያጣ እስኪመስል ድረስ ወደታች ሲወርድ፣ ቀጥሎም ከወለል ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረውን ንውጽውጽታ። ወጣት ሰው በላቦራቶሪ ውስጥ ፍራሽ ላይ ሲወድቅ እነዚህ ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። የ85 ዓመት ሴት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አትወድቅም። ከወንበሯ ጠርዝ ቀስ እያለች ትንሸራተታለች፤ የአልጋውን ብረት እንደያዘች ትንበረከካለች፤ ከዚያም ተነሥታ መቆም ያቅታታል። ለመሣሪያው ይህ መቀመጥ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ሰውነቱ የከበደ ሰው ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ለመሣሪያው መውደቅ ነው። አምራቹ የመሣሪያውን ስሜት ቢያጠብቀው እውነተኛው ያመልጠዋል፤ ቢያላላው የሐሰቱ ይበዛል።

የሐሰቱ ምን ያህል ይበዛል? በቀላል ሒሳብ እንየው። 100 ነዋሪዎች ያሉበት ቤት ይሁን። እያንዳንዱ መሣሪያ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በስሕተት ይደውል እንበል፤ ይህ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው የሚያሰኝ ቍጥር ነው። በዓመት 36,500 የሐሰት ደወል ይሆናል። እውነተኛው መውደቅ ቢበዛ 200 ነው ካልን፣ አንዲት ነርስ ለአንድ እውነተኛ ጥሪ ከ180 ጊዜ በላይ በከንቱ ትሮጣለች ማለት ነው። ከዕለቱ ደወል አንድ ሦስተኛው በሌሊት ቢመጣና እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ በአንድ ሌሊት 100 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ይህ ጊዜ የሚቀነሰው ደግሞ ከሌላ ከየትም ሳይሆን አልጋ የያዙትን በየ2 ሰዓቱ ከማገላበጥ፣ የረጠበውን ከመለወጥ፣ ውሃ ከማጠጣት ነው። የመውደቅን ደወል አመጣን ብለን የመኝታን ቁስል እንዳናመጣ መፍራት ይገባል።

ደወል ሲበዛ የሰው ጆሮ ምን እንደሚሆን በሆስፒታሎች ታይቷል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ጥራት የሚመሰክረው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ድረስ ከደወሎች ጋር የተያያዙ 98 ከባድ አደጋዎች እንደደረሱትና ከእነዚህ 80ዎቹ በሞት እንደተፈጸሙ አስታውቋል። በዚያው ጽሑፍ ከደወሎች ውስጥ ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና ርምጃ የማይጠይቁ እንደሆኑ ተመልክቷል። ነርሷ ደወሉን ያልሰማችው ስለሰነፈች አይደለም። ሺህ ጊዜ የዋሸ ሰው እውነት ሲናገር የሚደርስበት ነው የደረሰው።

ሌላም ማስረጃ አለ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በአንድ ሆስፒታል የሚገኙ 16 የሕሙማን ክፍሎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ በአንደኛው ወገን የአልጋ ደወል በብዛት እንዲሠራበት አደረገ። ከ27,000 በላይ ሕሙማን በጥናቱ ተካተዋል። ደወሉ በእርግጥ በብዛት ተተከለ፣ በብዛትም ጮኸ፤ በሚወድቁት ሕሙማን ቍጥር ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ትርጕም ያለው ልዩነት አልታየም። ምክንያቱን ማንኛውም የሌሊት ተረኛ ሊያስረዳ ይችላል። ደወሉ የሚጮኸው ሰውየው ከአልጋው ሲነሣ ነው፤ ነርሷ ካለችበት ተነሥታ እስክትደርስ ድረስ እሱ ወለሉ ላይ ነው።

ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት የዱሮውን ማሰሪያ ታስታውሱት ይሆናል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች ከሚኖሩት 40 በመቶ ያህሉ በጨርቅ፣ በቀበቶ ወይም በሰደርያ ከአልጋና ከወንበር ጋር ይታሰሩ እንደነበር ይነገራል። በ1987 የወጣው የመጦሪያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ነዋሪው ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ያለመታሰር መብት እንዳለው ደነገገ፤ ቀስ በቀስም ልማዱ ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ። ማሰሪያው ሲወርድ የአልጋና የወንበር ደወል ተተካ። መንግሥት ከ2017 ጀምሮ ለተቈጣጣሪዎቹ በሰጠው መመሪያ ግን፣ ሰው በተንቀሳቀሰ ቍጥር የሚጮኽ ደወል እንደ ማሰሪያ ሊቈጠር እንደሚችል አሳስቧል። ይህ የተጋነነ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ከእንዲህ ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዋል። ትንሽ ባዘነበለ ቍጥር ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው አረጋዊ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ መንቀሳቀሱን ይተዋል። ገመዱ በዐይን አይታይም እንጂ ታስሯል።

እስካሁን የተናገርሁት መሣሪያውን የምቃወም ሊያስመስለኝ ይችላል። አልቃወምም። ሥራውን በሚገባ የሠራበትን ቦታ ስላወቅሁ ነው ሌላው የሚያናድደኝ።

በሚዙሪ ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ በ2004 የተከፈተ ታይገርፕሌስ የሚባል የአረጋውያን መኖሪያ አለ። በትክክል ለመናገር መጦሪያ ቤት አይደለም፤ አረጋውያን በየራሳቸው ቤት እየኖሩ የነርስ አገልግሎት በሚያስፈልጋቸው መጠን የሚያገኙበት ነው፤ ዓላማውም ወደ መጦሪያ ቤት የሚዛወሩበትን ቀን ማዘግየት ነው። እዚያ ማሪሊን ራንዝ የተባሉ የነርስ ሙያ ፕሮፌሰርና ማርጆሪ ስኩቢክ የተባሉ የምሕንድስና ፕሮፌሰር አብረው ሠሩ። በግድግዳ ላይ እንቅስቃሴን የሚያዩ ዳሳሾች ተከሉ፤ ከፍራሽ በታች ደግሞ ውሃ የተሞላ ቱቦ ዘረጉ። ልብ በመታ ቍጥር አካል ለዐይን በማይታይ መጠን ይነቃነቃል፤ ውሃው ያን ንቅናቄ ያስተላልፋል፤ የልብ ምትና የእስትንፋስ ቍጥር ከዚያ ይነበባል። በነዋሪው አካል ላይ የሚለጠፍም የሚታሰርም ነገር የለም፤ ባትሪ ሙላ፣ አትርሳ፣ አታውልቅ የሚለው ጭቅጭቅም የለም።

ቁም ነገሩ ግን ከቱቦው ላይ አይደለም። ሥርዓቱ እያንዳንዱን ሰው የሚያነጻጽረው ከራሱ ጋር ነው። ወይዘሮ እገሊት እስካለፈው ሳምንት ድረስ በሌሊት አንድ ጊዜ ወደ መጸዳጃ ይሄዱ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ አራት ጊዜ ሆነ፤ እንቅልፋቸውም ተረበሸ። ይህ ለነርሷ በጽሑፍ ይደርሳታል። ምንም ደወል አይጮኽም። ነርሷ በጠዋት ሄዳ ትጠይቃለች፣ ትመረምራለች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሆነ ሳይብስ ይታከማል። ሴትየዋ ትኵሳት ይዟቸው ተሸብረው በሌሊት አይወድቁም። ነርሶቹ ደግሞ የደረሳቸው ማስታወቂያ ይጠቅም ወይም አይጠቅም እንደነበር መልሰው ውጤት እየሰጡ ለመሐንዲሶቹ ይነግሩ ነበር፤ መሐንዲሶቹም በዚያ መሠረት ያርሙ ነበር። በ2015 በታተመው ጥናታቸው፣ ዳሳሽ በተተከለላቸውና ባልተተከለላቸው የዚያው መኖሪያ ነዋሪዎች መካከል ልዩነት ታየ፤ ያላቸው ከሌላቸው ይልቅ በአማካይ 1.7 ዓመት ያህል በመኖሪያው ቆዩ። ሰዎቹ በዕጣ የተመደቡ አልነበሩምና ውጤቱን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ሆኖም በዚያ ቤት መሣሪያው ብቻውን እንዳልሠራ ልብ በሉ። ማስታወቂያውን የምታነብ፣ ነዋሪውን በስም የምታውቅ፣ ለመሄድም ሥልጣንና ጊዜ ያላት ነርስ ነበረች። የቤት ባለቤቶች ይህን ጥናት ሲጠቅሱ ቱቦውን ያስታውሳሉ፤ ነርሷን ይረሷታል።

ሰውን ከራሱ ጋር ማነጻጸር የሚለው ሐሳብ ለእኛ ወገኖች ልዩ ዋጋ አለው። እናቶቻችንና አባቶቻችን በዚህ አገር መጦሪያ ቤቶች መግባት ከጀመሩ ቆይቷል። ነርሷ ገብታ እንዴት አደሩ ስትላቸው መልሳቸው ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎናቸው ሲወጋቸው ያደሩ ቢሆኑም ያው ነው። ሕመምን ለባዕድ መዘርዘር በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ፈጣሪን ሳያመሰግኑ ስሞታ መጀመርም ድፍረት ነው። እንግሊዝኛው ሲጨመርበት ደግሞ ነርሷ በመዝገቧ ላይ ችግር የለም ብላ ትጽፋለች። ፍራሹ ስር ያለው ቱቦ ግን በይሉኝታ አይመልስም። ሌሊቱን ሲገላበጡ እንዳደሩ ይናገራል።

ያው መሣሪያ የእኛን ሰዎች በተሳሳተ መንገድ ሊያነብም ይችላል። ለሌሊት ጸሎት ከ9 ሰዓት ጀምሮ የሚቆሙ እናት እንቅልፍ ያጡ ሕመምተኛ ይመስሉታል። በሰሙነ ሕማማት የሚሰግዱ አባት በእጃቸው ላይ ያለው ዳሳሽ በአንድ ጠዋት ደጋግሞ ወደቁ ብሎ ቢያስታውቅ አይፈረድበትም፤ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግዱት ሙስሊም አባትም እንዲሁ። የረመዳን ሱሑር፣ የዐቢይ ጾም ባዶ ሆድ፣ ይህ ሁሉ ከመሣሪያው ልማድ ውጭ ነው። መሐንዲሱ ይህን ሊያውቅ አይችልም። የመሣሪያው ሰሌዳ ሲዘጋጅ፣ የነዋሪው የሌሊትና የጾም ሥርዓት በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር የምታደርገው የእኛ ነርስ ናት። ያለዚያ ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መሣሪያው ሐሰተኛ ተብሎ ይዘጋል፤ ወይ አባት ለደኅንነትዎ ሲባል አይስገዱ ይባላሉ። ሁለተኛው ተደርጎ ሰምቻለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ። ይህን ዘዴ በ1974 ያገኙት ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ ናቸው። ብርሃን በጣት ውስጥ አልፎ የደሙን ቀለም ያነባል። ብርሃኑ በሚያልፍበት መንገድ ግን ቆዳም አለ፤ የቆዳ ቀለም ደግሞ ብርሃን ይውጣል። በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ የደማቸው እውነተኛ ኦክሲጅን ከ88 በመቶ በታች የሆነባቸው ሕሙማን በነጮች ዘንድ 3.6 በመቶ ሲሆኑ፣ በጥቁሮች ዘንድ 11.7 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ይህ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ አሁን ሽቦ አልባ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ቍጥር ሲልክ ያድራል። ቍጥሩ በሰሌዳ ላይ ሲታይ ይበልጥ እውነት ይመስላል፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው። 94 የሚል ቍጥር አይታችሁ ነዋሪው ትንፋሽ ያጠረው፣ ግራ የተጋባ ከመሰላችሁ፣ ቍጥሩን ትታችሁ ሰውየውን እመኑ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ጥያቄ፤ መሣሪያው ሰው ያስቀንሳል ወይ? በጃፓን መንግሥት በ2018 ባደረገው የክፍያ ማሻሻያ፣ መከታተያ ዳሳሽ የተከሉ ቤቶች ለተጨማሪ የሌሊት ሠራተኛ የሚሰጠውን ክፍያ ለማግኘት ከ1 ሙሉ ሠራተኛ ይልቅ 0.9 እንዲበቃቸው ፈቀደ። አንድ አስረኛ ሰው ማለት ነው። ጃፓን ሠራተኛ ያጣች አገር ናት፤ ምክንያታቸውን ለመረዳት አያዳግትም። ቢያንስ ቍጥሩን በሕግ ጽፈው፣ በአደባባይ አስታውቀው ነው ያደረጉት። በአሜሪካ የሆነው ሌላ ነው። በ2024 መንግሥት ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 የእንክብካቤ ሰዓት እንዲመደብ ደንብ አወጣ፤ በ2025 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ስለዚህ ስንት ሰው በሌሊት እንደሚቆም የሚወስነው በአብዛኛው በየግዛቱ ሕግና በባለቤቱ ሕሊና ነው። በዚህ መካከል ነው ሻጩ መጥቶ፣ ይህን ብትተክል በአንድ ፎቅ አንዲት ረዳት ነርስ ትበቃሃለች የሚለው።

ለዚህ ያለኝ መልስ አጭር ነው። ዳሳሽ አያነሣም፣ አያጥብም፣ አያጎርስም፣ አይገለብጥም። ከዚህ ቀደም ሳይታወቅ የቀረውን ችግር ስለሚያሳውቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የሚቀንሰው ነገር ካለ በየሰዓቱ በር ከፍቶ የተኛን ሰው መቀስቀስ ነው፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነዋሪው እንቅልፍ ያገኛል። ያ የተረፈ ጊዜ ግን ለነዋሪው ይመለስ እንጂ ከደመወዝ መዝገብ አይሰረዝ። ይህን አቋም ማኅበራችን በጽሑፍ እንዲይዝ ለሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

ስለ ምሥጢር መጠበቅ ጥቂት ልበል። የቴክሳስ ግዛት በ2001 ቤተሰብ በነዋሪው ክፍል ካሜራ እንዲተክል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ግዛት ነው፤ ሌሎችም ተከትለውታል። እነዚህ ሕጎች ክፍሉን የሚጋራው ሌላው ነዋሪ ፈቃዱን እንዲሰጥም ይጠይቃሉ። ስለ ካሜራ ሰው ሁሉ ይከራከራል። ፍራሽ ስር ስላለው ቱቦ ግን የሚከራከር የለም፤ ምክንያቱም ስዕል አያሳይም። ነገር ግን አንድ ሰው በሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ መጸዳጃ ቤት ምን ያህል እንደቆየ፣ ከአልጋው ላይ ብቻውን ይሁን አይሁን የሚያውቅ መሣሪያ ከካሜራ ያነሰ ምሥጢር አያውቅም። መርሳት የጀመራቸውን ሰዎች ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተፈርሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የእጅ አምባሩን በየቀኑ እየፈታች የምትጥል ሴት፣ በአፏ መናገር ባትችልም እምቢታዋን እየገለጸች ነው። ልጇ ፈርሞአል ብሎ መልሶ ማሰር ቀላል ነው። እኔ ባደርገው ብዬ የማስበው፣ አምባሩን ትቶ የበሩን ዳሳሽ መትከል ነው።

ወደ አገር ቤት ዕቃ ስለምትልኩ አባላትም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚህ ከአገልግሎት የወጣ የመከታተያ መሣሪያ ሰብስቦ በአዲስ አበባ ለሚገኙ የአረጋውያን መርጃ ማዕከሎች መላክ መልካም ሐሳብ ይመስላል። ለአሜሪካ የተሠራው ዕቃ በ120 ቮልት የሚሠራ ሲሆን የአገራችን መብራት 220 ነው፤ ይህስ በመለወጫ ይታለፋል። የሬዲዮ ሞገዱ ግን አይታለፍም። በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ነጻ መደብ የሚሠራው መሣሪያ፣ በኢትዮጵያ ከፊሉ ለሞባይል ስልክ በተመደበ ሞገድ ላይ ይወድቃል። ለሕክምና የተለየው የ608 ሜጋኸርዝ መደብም በዚያ የዓለም ክፍል የቴሌቪዥን ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከመላክ የመኝታ ቁስል የሚከላከል ፍራሽ፣ ጓንትና የሚታጠፍ የአልጋ ብረት መላክ የተሻለ ነው። መብራት በጠፋ ቍጥር የሚጠፋ ደወል ያመነ ቤት፣ ደወል ከሌለው ቤት የባሰ ነው።

በመጨረሻ ከጽሕፈት ቤቱ ለየእጃችሁ ስለተሰጠው ወረቀት ላስረዳ። ለነዋሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጥ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ የፈቃድ መጠየቂያ ረቂቅ ነው። መሣሪያው ምን እንደሚለካ፣ ቍጥሩ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚያነበው፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ በሌሊት ማስታወቂያ ሲመጣ ማን በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚደርስ፣ ነዋሪው በፈለገ ቀን አንሡልኝ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ከእነዚህ መካከል የደቂቃው መስመር ባዶ ተትቷል። ቍጥሩን የሚሞላው የየቤቱ ኀላፊ ነው፤ መሙላት ካልፈለገም መልሱን በዚያ አግኝታችኋል። በአራተኛው አንቀጽ ላይ ያለው «ዳሳሽ» የሚለው ቃል ለእናቶቻችን ግልጽ አይሆንም የሚል አስተያየት ደርሶናል፤ የተሻለ ቃል ያላችሁ እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።